በአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ደመወዝ፣ አንደኛው ላይን ብቻ ሠራተኛ አይበረክትለትም፤ ምን ይደረግ? (ኮምቦልቻ)

ቦርከና ማዶ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ነው የምሠራው። ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት ላይኖች (የስፌት ማሽን ረድፎች) አሉን። ማሽኑ አንድ ዓይነት፣ ደመወዙ እኩል፣ የሚሰፋውም ያው ሸሚዝ ነው። ሠራተኞቹም የአንድ አካባቢ ልጆች ናቸው፤ ከቃሉ፣ ከሐርቡ፣ ከባቲ፣ ከደሴ ዙሪያ የመጡ። አንደኛው ላይን ሰው ይበረክትለታል፤ ሌላኛው ግን ደመወዝ በተከፈለ ማግስት ይሳሳል። የሚለቁትን ስንጠይቅ «ቤተሰብ ታሞብኝ ነው»፣ «ትምህርት ልቀጥል ነው» ብለው ይሄዳሉ። ሥራ አስኪያጁ «ደመወዝ አንሷቸው ነው» ይላል። ማነሱን አልክድም፤ ግን ያነሰው ለሁለቱም ላይን እኮ ነው። ልዩነቱ ያለው ላይን መሪዎቹ ጋ ይመስለኛል። ይህን በማስረጃ እንዴት ላሳይ? ካሳየሁ በኋላስ ምን ይደረግ? «ሥልጠና ስጧቸው» የሚለውን ብቻ አትበሉኝ፤ ሥልጠናውን ሁለቱም ወስደዋል።

ጦሳ ሥር

ወንድሜ፣ «ለምን ለቀቅሽ?» ስትል የምታገኘው የይሉኝታ መልስ ነው። የእኛ አገር ሰው እንጀራ የበላበትን ቤት በክፉ አያነሳም። ስለዚህ ከሰዎቹ በፊት መዝገቡን ተመልከት። ያለፈውን የስድስት ወር ወረቀት አውጣና ሁለቱን ላይኖች ጎን ለጎን አስቀምጥ።

መጀመሪያ የፈቃድ ማመልከቻውን፦ ስንት ተጠየቀ፣ ስንት ተፈቀደ፣ መልሱ በስንተኛው ቀን መጣ። ችግሩ፣ ብዙ ቦታ ፋይል የሚደረገው የተፈቀደው ብቻ ነው። የተከለከለው በቃል ተከልክሎ እዚያው ይቀራል። ከዛሬ ጀምሮ ቅጹን ባለ ሁለት ቅጂ አድርገውና አንዱ ከሠራተኛዋ በቀጥታ ወደ አንተ ቢሮ ይምጣ። ከዚያ የተከለከለበትን ቀን ከአሻራ መዝገቡ ጋር አስተያየው። ፈቃድ በተከለከለች ማግስት የቀረች ሠራተኛ መዝገቡ ላይ «ያለ ፈቃድ ቀሪ» ተብላ ነው የምትታየው፤ ሁለቱን ወረቀት ስታገናኝ ግን ነገሩ መልኩን ይቀይራል። እንዲህ ያለው መቅረት አንደኛው ላይን ላይ ከበዛ ማስረጃህ እሱ ነው።

ቀጥሎ ማስጠንቀቂያዎቹን በጻፋቸው ሰው ለያቸው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ በስድስት ወር ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት በድምሩ 5 ቀን የቀረ ወይም 8 ጊዜ ያረፈደ ሠራተኛ፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው ከሆነ ወዲያውኑ ሊሰናበት ይችላል። ይህን ድንጋጌ የሰማ ደካማ ላይን መሪ ማስጠንቀቂያን የሥራ መሪያ ሳይሆን የማስፈራሪያ ወረቀት ያደርገዋል። ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ የደረሳት ልጅ ደግሞ መባረሯን አትጠብቅም፤ ደመወዟን ተቀብላ ትጠፋለች። የአንተ «በማግስቱ ይሳሳል» ከዚህ ጋር የሚያያዝ ይመስለኛል።

የለቀቁትን ደግሞ በሁለት ክፈላቸው። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው አሥር ሳምንት ማለት ነው። በአሥሩ ሳምንት ውስጥ የለቀቁት ከበዙ ችግሩ አቀባበሉና ማለማመዱ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ከሆነ ፈቃዱን፣ ኦቨርታይሙንና ክፍያውን መርምር። ሁለቱን ደባልቀህ አማካይ ካወጣህ ምንም አይታይህም።

ሌላም አለ። የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ ሥራ የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስታወቂያ መስጠት አለበት፤ በየትኛው ላይን ነው ሰው አስታውቆ የሚወጣው? ማስታወቂያ የሰጠች ቀን ፊት እንደሚጠቁርባት የምታውቅ ልጅ አታስታውቅም።

ስለ መውጫው ጥያቄ፦ የሚጠይቀው ላይን መሪው አይሁን። ሒሳቧንም ሳትቀበል አትጠይቃት። ሕጉ የሥራ ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ይከፈል ይላል፤ በዚያ ቀን ቢሮ ስትመጣ ተቀምጣችሁ አውሩ። «ለምን?» አትበላት። «ለመጨረሻ ጊዜ ፈቃድ ስትጠይቂ ምን ተባልሽ?»፣ «ማሽንሽ ሲበላሽ ማንን ነበር የምትጠሪው? ስንት ጊዜ ይፈጅ ነበር?»፣ «ያልገባሽ ክፍያ ነበር?» በላት። እንዲህ ስትጠየቅ የሆነውን ነው የምትነግርህ፤ ማንንም የማማት ስሜት አይሰማትም።

የመርፌ ዓይን

«ጦሳ ሥር» ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን ታርጌቱ (በሰዓት እንዲወጣ የሚጠበቀው ቁጥር) እንዴት እንደወጣ ሳይታይ ላይን መሪ ላይ አትፍረዱ። ሁለቱ ላይን «ያው ሸሚዝ» ይሰፋሉ ማለት ያው ሥራ ይሠራሉ ማለት አይደለም። አንደኛው ወር ሙሉ አንድ ሞዴል፣ ሌላኛው በየሳምንቱ አዲስ ሞዴል የሚገባለት ሊሆን ይችላል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። የአንድ ሸሚዝ መደበኛ የስፌት ደቂቃ 15 ነው እንበል፤ ላይኑ ላይ 30 ኦፕሬተር (ማሽን ላይ የሚሰፋ ሠራተኛ) አለ። በሰዓት 30 በ60፣ 1,800 ደቂቃ ይሆናል። ለ15 ሲካፈል 120 ሸሚዝ ይወጣል። ይህ መቶ በመቶ ነው፤ ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ነው። ላይኑ በ45 በመቶ የሚሠራ ከሆነ እውነተኛው ታርጌት በሰዓት 54 ነው። አዲስ ሞዴል በገባበት ቀን 20 በመቶ ብትይዙ 24 ነው፤ ከዚያ በየቀኑ ከፍ እያለ ይሄዳል። የመጀመሪያውን ቀን ጨምሮ 54 ብሎ ቦርድ ላይ የሚጽፍ ፋብሪካ ላይን መሪውን ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ጩኸት ውስጥ ይከተዋል።

አሁን ወደ ላይኑ ውረዱ። ኮሌታ የምትገጥመዋ ልጅ ለአንድ ሸሚዝ 75 ሴኮንድ ይፈጅባታል እንበል። 3,600 ለ75 ሲካፈል 48 ነው። እሷ አንድ ብቻ ከሆነች የቀሩት 29 ሰዎች የፈለገውን ያህል ቢፈጥኑ ከላይኑ በሰዓት ከ48 በላይ አይወጣም። ከ54ቱ ታርጌት በሰዓት 6፣ በቀን ስምንት ሰዓት 48 ሸሚዝ ይጎድላል። ላይን መሪው ይህን ካላሰላ የሚያየው እሷ ፊት የተቆለለውን ሥራ ነው፤ ቀኑን ሙሉ «ቶሎ በይ» ይላታል። ከእሷ በኋላ ያሉት ደግሞ ሥራ እየጠበቁ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ፤ «ሰነፎች» ይባላሉ። ቀድማ የምትለቀው ደግሞ ያቺው የኮሌታ ልጅ ናት፤ ለመተካት በጣም የምታስቸግረውም እሷ ናት።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሰዓት ይዛችሁ አጠገቧ ቁሙ፤ ምን እንደምትለኩ ለእሷ አስረድታችሁ፣ አሥር ጊዜ ለኩና አማካዩን ያዙ። ከ75ቱ ሴኮንድ ውስጥ 15ቱ ክር መቁረጥና ኮሌታ መገልበጥ ከሆነ ያንን ለሄልፐር (ለረዳት) ስጡ። 60 ሴኮንድ ይቀራታል፤ በሰዓት 60 ይወጣታል፤ 54ቱ ይሞላል። ስድብም ቦነስም አላስፈለገም።

መርፌንም አትርሱ። መርፌ ሲሰበር ስብርባሪው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ወረቀት ላይ ተለጥፎ፣ ፊርማ ተፈርሞ ነው አዲስ የሚሰጠው፤ ብረት ልብስ ውስጥ እንዳይቀር ገዢዎች የሚያስገድዱት ሥርዓት ነውና አይቀርም። ግን መርፌ ሰጪው የአዳራሹ ሌላ ጫፍ ላይ ከተቀመጠ፣ ወይም ሻይ ከወጣ፣ አንድ ስብራት ሩብ ሰዓት ሊበላ ይችላል። ያ ሩብ ሰዓት የማን ነው? ብዙ ቦታ በእሷ ላይ ይቆጠራል። ምርቱ በየሰዓቱ የሚጻፍበት ቦርድ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ አንድ ረድፍ ጨምሩና ያነሰበት ምክንያት ይጻፍበት፦ ማሽን፣ መርፌ፣ ጨርቅ ዘገየ፣ ጥራት፣ ሰው ቀረ። ምክንያት የማይጻፍበት ቦርድ ጉድለቱን ሁሉ የሚጥለው ሰፊዋ ላይ ነው።

ሪወርክ (እንዲታረም የሚመለስ የተበላሸ ልብስ) ቀኑ ሊያልቅ ሲል ተጠራቅሞ የሚመለስ ከሆነም እዩት። ስህተቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢነገራት ሦስት ሸሚዝ ትፈታለች። ማታ ከተነገራት አርባ ይጠብቃታል፤ ሰርቪሱም ያመልጣታል።

ገራዶ

የወሰዱት ሥልጠና ስለ «ኮሙኒኬሽን» በጥቅሉ ከሆነ አለመሥራቱ አይገርመኝም። ላይን መሪ ሠራተኛዋን የሚያስመርራት ወይም የሚያስቀራት በትንንሽ የዕለት ውሳኔዎቹ ነው። እነዚያን አንድ በአንድ ካልነካችኋቸው ሥልጠና ወረቀት ነው።

ከሁሉም በፊት ቀብር። ሕጉ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ወላጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ ዘመድ ሲሞት 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ጎረቤት ግን ውስጡ የለም። ወሎ ላይ ደግሞ ቅሬ (እንደ እድር ያለ የቀብር ማኅበር) አለ። ቅሬተኛ ሞቶ ያልወጣ ይቀጣል፤ ከገንዘቡ በላይ የሚከብደው ነገ በእሷ ላይ ሰው አለመቆሙ ነው። «የአክስትሽ ልጅ ነው ወይስ ጎረቤትሽ?» ብሎ የሚከራከር ላይን መሪ ልጅቷን ከፋብሪካውና ከአገሯ አንዱን ምረጪ እያላት ነው። ሳታቅማማ ነው የምትመርጠው። ስለዚህ በውስጥ ደንባችሁ የሦስት ሰዓት የቀብር ፈቃድ ይግባ። ላይን መሪው ራሱ ይፈርም፣ ወደ ላይ አይላክ፣ በር ላይ ያለው ጥበቃም ቅጹን ይወቀው። ቀብር ነገ አይባልምና ለሁለት ቢሮ ፊርማ ጊዜ የለም።

ላይን መሪው ፈቃድ የሚከለክለው ክፉ ስለሆነ ላይሆን ይችላል፤ የሚተካ ሰው ስለሌለው ነው። ለ30 ሰው ቢያንስ ሁለት ተዘዋዋሪ ኦፕሬተር ይኑር። ግድግዳ ላይ ሠንጠረዥ ስቀሉ፤ ወደ ታች ስም፣ ወደ ጎን የሥራ ዓይነት፦ ኮሌታ፣ እጅጌ፣ ኪስ፣ ቁልፍ ቤት። ማን ምን እንደሚችል በነጥብ ይታይ። አንድ ሰው ብቻ የሚችለው ሥራ ካለ የሚቀጥለው ችግራችሁ ከዚያ ነው የሚመጣው፤ ሁለተኛ ሰው ቶሎ አለማምዱ። ተዘዋዋሪዋ ደግሞ የተሻለ አበል ይገባታል። ብዙ ስለምትችል በየቦታው እየተወረወረች ደመወዟ ግን ያው ከሆነ ቀድማ ትወጣለች።

ሽንት ቤት፦ ለ30 ሰው አንድ የመውጫ ካርድ የሚባለውን ነገር አንሱት። ውኃ ሳይጠጡ የሚውሉ ልጆች ታመው ነው የሚቀሩት። በግድ ሥርዓት ካስፈለገ ተዘዋዋሪዋ ማሽኑ ላይ ትቀመጥና ትሂድ።

እርጉዝ ሠራተኛ ኦቨርታይም አትሠራም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓትም አትመደብም። ለእርግዝና ምርመራ የምትወጣበት ሰዓት፣ የሐኪም ማስረጃ ካመጣች፣ ክፍያ አለው። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ፈቃድ አላት። ይህን ሁሉ የሰው ኃይል ክፍል ያውቀዋል፤ ላይን መሪው ግን ላያውቀው ይችላል፣ ወይም «አሁን ላይኑን ልትጥይው ነው?» ይላታል። ከዚያ ወዲያ ሌሎቹ ይደብቃሉ። ካውያ ላይ ቀኑን ሙሉ የምትቆም ልጅ ከደበቀች ደግሞ ጉዳቱ የሁለት ነፍስ ነው። ስታሳውቅ ወደ መቀመጫ ሥራ ትዛወር፤ ይህም በአንድ ገጽ ተጽፎ ላይን መሪው እጅ ላይ ይኑር።

ስለ ድምፅም ልበል። እርማት የሚሰጠው አጠገቧ ሆኖ፣ የተበላሸውንና ትክክለኛውን ልብስ በእጅ ይዞ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ነው። የውጭ አገር ኤክስፐርት ካላችሁ ቋንቋ ስለማይግባቡ እጁን ያወናጭፋል፣ ድምፁን ያነሳል፤ አስተርጓሚው ደግሞ ቁጣውን ጭምር ይተረጉማል። ስህተቱ ላይ የቀስት ስቲከር ለጥፎ ናሙናውን ማሳየት ግማሹን ጭቅጭቅ ያስቀራል። ከባቲና ከከሚሴ በኩል የመጡ ኦሮምኛ አፋቸውን የፈቱ ልጆች ካሉም፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ቋንቋቸውን የምትችል ነባር ሠራተኛ አጠገብ አስቀምጧቸው። «ገባሽ?» ሲባሉ ሳይገባቸውም «አዎ» ነው የሚሉት፤ ሠርታ ታሳይ።

ሐይቅ ዳር

ለላይን መሪዎቹም ጠበቃ ያስፈልጋቸዋል። አብዛኞቹ የተሾሙት ፈጣን ሰፊ ስለነበሩ ነው። ፈጥኖ መስፋትና ሰው መምራት የተለያየ ችሎታ ነው። ከመሾም በፊት ሁለት ሳምንት በተጠባባቂነት አሠሯቸው፤ እጁ ሌላ ሰው ማሽን ላይ ቶሎ ቶሎ የሚገባ፣ ከማሳየት ይልቅ ራሱ ሰፍቶ የሚሰጥ ከሆነ ኦፕሬተርነቱ ላይ ደመወዝ ጨምሩለትና እዚያው ይቆይ። ክርና ጨርቅ ከመጋዘን የሚያመላልሰው ላይን መሪው ራሱ ከሆነ ደግሞ ላይኑ መሪ የለውም ማለት ነው።

የሥራው መቆራረጥም አለ። አገራችን ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ከአጎዋ (የአፍሪካ ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል) ከወጣች ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የሚሰፋ ፋብሪካ ትእዛዝ ይዋዥቅበታል። አንድ ሳምንት ሥራ ፈትቶ መቀመጥ፣ በሚቀጥለው ሳምንት «ዛሬ ታመሻላችሁ» ይመጣል። ላይን መሪው ያልወሰነውን ነገር የሚናገር አፍ ይሆናል። ኦቨርታይም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይለፍ ይላል ሕጉ። በበኩሌ ከምሳ በፊት ያልተነገረ ኦቨርታይም ለዚያ ቀን አይኖርም የሚል የውስጥ ደንብ እንዲወጣ እመክራለሁ። ከደሴ በሰርቪስ የምትመላለስ ልጅ ልጇን ከጎረቤት የምትወስደው በሰዓቱ ነው።

ክፍያው በግልጽ ይታይ። ምሳሌ፦ 4,160 ብር የወር ደመወዝ ለ208 (26 ቀን በ8 ሰዓት) ሲካፈል በሰዓት 20 ብር ነው። ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው ኦቨርታይም 1.5 እጥፍ ስለሆነ 30 ብር፣ ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት 1.75 ስለሆነ 35 ብር፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2 እጥፍ 40፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ 50 ብር። የክፍያ ወረቀቱ በአማርኛ ይሁን፣ እያንዳንዱ ለየብቻ ይጻፍ። «ኦቨርታይም 310» ብቻ ተብሎ የተጻፈን ቁጥር ሠራተኛዋ ማረጋገጥ አትችልም፤ ሌባ የምትለውም ሒሳብ ክፍሉን ሳይሆን በየቀኑ የምታየውን ላይን መሪ ነው። ደመወዝ ከመከፈሉ ሁለት ቀን ቀድሞ የሰዓት ዝርዝሩን ለየራሳቸው ስጡና የተሳሳተ ካለ ይታረም።

የመገኘት ቦነስ አንድ ቀን ስትቀር ሙሉ በሙሉ የሚቆረጥ ከሆነ ራሱ መቅረትን ያመጣል። በወሩ በአምስተኛው ቀን የቀረች ልጅ ለቀሪው ወር የሚያጓጓት ነገር አይኖርም። በየሳምንቱ ከፍላችሁ ስጡት፤ የሳምንቱ ከተቆረጠ የሚቀጥለው ሳምንት በአዲስ ይጀምር። ለተበላሸ ልብስ ብሎ ከደመወዝ መቁረጥ ደግሞ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛዋ የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ አይቻልም፤ ሲቻልም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዟ ሲሶ አይበልጥም። ላይን መሪ «ከደመወዝሽ ይቆረጣል» ብሎ ማስፈራራቱን ዛሬውኑ አስቁሙት።

ቦርከና ማዶ (ጠያቂ)

አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ ለሁላችሁም። የፈቃዱን ቅጽ ነገ እጀምራለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ላይን መሪዎቹን ብናቀያይራቸውስ? ሁለተኛ፣ ዓርብ። የምሳ ዕረፍታችን 30 ደቂቃ ነው፤ ለጁምዓ የሚሄዱት ዘግይተው ይመለሳሉ፣ ያኛው ላይን መሪ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፣ ይኸኛው ዝም ይላል። ሁለቱም ልክ አልመሰለኝም።

የመርፌ ዓይን

አሁን አታቀያይሩ። ታርጌቱ ሳይስተካከል ደህናውን መሪ የታመመው ላይን ላይ ብታስቀምጡት እሱንም ታጡታላችሁ። የኮሌታውን ዓይነት ችግር መጀመሪያ ፍቱ፣ ሁለቱንም ላይኖች በአንድ ዓይነት ሞዴል አንድ ወር አሠሩ፣ ከዚያ የፈቃዱንና የመቅረቱን መዝገብ እንደገና እዩ። ልዩነቱ ያኔም ካለ የመሪው ነው።

ጦሳ ሥር

ዝም የሚለውም ልክ አይደለም ያልከው እውነትህን ነው። ነገ አለቃው ሲቀየር ዝምታው ይቀራልና መብት አይሆንም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዓርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 እረፍት አለው፤ ፋብሪካ ያን ያህል ባይሰጥም መንገድ አለ። ሕጉ የአንዱን ቀን ሰዓት አሳጥሮ ልዩነቱን በሌሎቹ ቀናት ማከፋፈል ይፈቅዳል፤ የቀኑ 8 ሰዓት ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይራዘም ብቻ ነው። የዓርቡን ዕረፍት በ40 ደቂቃ አስረዝመህ ከሰኞ እስከ ሐሙስ በቀን 10 ደቂቃ ጨምር። የሳምንቱ 48 ሰዓት አይነካም፣ ኦቨርታይምም አይሆንም። ዕረፍቱን ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም እኩል አድርገው። ግማሹ ወጥቶ ግማሹ ቢቀመጥ ሥራው ስለማይፈስ ምርትም አይገኝም፣ ቅሬታም ይመጣል። ከመጀመርህ በፊት ከሁለቱም ላይን ተወካዮች ጋር ተነጋገርና ሰዓቱ በአቅራቢያው ካለው መስጊድ ሶላት ጋር መግጠሙን አረጋግጥ። ረመዳን ሲገባ ደግሞ የሁለተኛው ፈረቃ ዕረፍት በመግሪብ አዛን ይታሰር፤ ፀሐይ የምትጠልቅበት ደቂቃ በወሩ ውስጥ ስለሚንሸራተት ሰዓቱን በየሳምንቱ ለጥፉት። የካፍቴሪያው የጾም ምግብም ለረቡዕና ለዓርብ አስቀድሞ ይታሰብበት።